አባ ጣለው

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲኬድ፣ ገሳይ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር፣ ከመንገዱ በላይ አንዲት መንደር አለች። እዚያች መንደር ሙላቴ የሚባል ገበሬ ይኖራል። ሙላቴ አውሮፕላን ጥሏል። በወንጭፍ አይደለም፣ በድንጋይም አይደለም፤ በአፉ ነው። እንዲህ የሚለው አገሩ ነው፤ አገር ያለውን ደግሞ ማን ይክዳል?

የሙላቴ አፍ ዛሬ የተከፈተ አፍ አይደለም። እናቱ "ይሄ ልጅ ከእግሩ ቀድሞ ምላሱ ቆመ" ይሉ ነበር። አድጎ ጎጆ ሲወጣም ከገብሱ ይልቅ ንግግሩ ያምርለት ነበር። ሠርግ ላይ "አያ ሙላቴ ይመርቁ" ከተባለ ከሙሽሮቹ ጀምሮ እስከ ሚዜዎቹ በቅሎ ድረስ ሁሉን ያዳርሳል። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ሰዉ "አሜን" ማለት ይታክተዋል፣ እሱ ገና ወደ ሙሽራይቱ አያቶች እየተሻገረ ነው። ሲቆጣም እንደዚያው ነው። በሬው ትልም መሐል ቢቆምበት በሬውን ብቻ ሰድቦ አይለቅም፤ የበሬውን እናት፣ የሸጠለትን ነጋዴ፣ ገበያውን የቆረቆረውን ሰው ሳይቀር በየተራ ያነሣቸዋል። ክፉ ግን አልነበረም። ተሳድቦ ሲያበቃ የሰደበውን ሰው ራሱ ጠላ ይጠራዋል። ሚስቱ ጌጤ በሕይወት ሳለች "አንተ ሰውዬ፣ ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል" ትለው ነበር። እሱ ይስቅ ነበር። ጌጤ ካረፈች በኋላ የሚገሥጸው ሰው አጣ።

አውሮፕላኑ የመጣው የመሬት ካርታ ለማንሣት ነው ተባለ። ትንሽ ነው፤ አንድ ሞተርና አንድ አብራሪ ብቻ ያለው። ሆዱ ላይ ካሜራ ተገጥሞለት ከጉና ተራራ በኩል እየመጣ ወዲህ ወዲያ ሲመላለስ ሰነበተ። መጀመሪያ ሰዉ ሥራ እየፈታ ወደ ላይ ያየው ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን ሰው ቀርቶ በሬዎቹም ጩኸቱን ለመዱት።

አንድ የሚያዝያ ማለዳ ደመናው ዝቅ ብሎ ካፊያ ቢጤ ይጥላል፤ ሙላቴ የገብስ ማሳውን ያርሳል። ሙላቴ ምንም ድምፅ ሳይሰማ አውሮፕላኑ ከኋላው መጣና ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ በአናቱ ላይ አለፈ። በሬዎቹ በረገጉ። ማረሻው ድንጋይ ሥር ተሰንቅሮ ሞፈሩ ከመካከሉ ቋ አለ። አማቱ ጠርበው የሰጡት፣ ስንት ክረምት ያሳለፈ የወይራ ሞፈር ነበር። ሙላቴ ደሙ ፈላ። ጅራፉን ወደ ሰማይ አነሣና ወደ ግራ እያወናጨፈ፣

"ወዲያ በል!" አለ። "ወዲያ በል! እንደ ሞፈሬ ክንፍህ ይሰበር!"

አውሮፕላኑ የታዘዘ ይመስል ወደ ግራ ዞረ። ድንቹ ተለቅሞ ባዶውን በቀረ ማሳ ላይ ወረደ፤ እየዘለለ እየተንገዳገደ ሄዶ ዳር ላይ ከቆመ ባሕር ዛፍ ጋር ተላተመ። ክንፉ ተሰበረ። እንደ ሞፈሩ ከመካከሉ ተሰበረ። በየማሳው ያርስ የነበረው ሁሉ ርግማኑንም ሰምቶ ነበር፣ ክንፉንም አየ፤ ሙላቴ ሲጮህ ደግሞ የማይሰማ ቢኖር ደንቆሮ ብቻ ነው።

አብራሪውን እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ወሰዱት። ሙላቴ ሊሸከም ሲጠጋ ሰዉ በትሕትና መንገድ ለቀቀለት። ቃሬዛውን ግን አላስነኩትም።

ስሙን ያወጣለት ኑሩ ነው። ኑሩ ገሳይ ላይ ሱቅ ያለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሙላቴ ወዳጅ የሆነ፣ ቀልድ ካልቀለደ ራሱን የሚያመው ሰው ነው። "እንዴት ዋልክ አባ ጣለው!" አለው በማግሥቱ። ስሙ በዚያው ቀረ። ሙላቴ እንደ ድሮ ጀግና የፈረስ ስም ወጣለት፤ ፈረስ ግን የለውም።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ተመችቶት ነበር። ወፍጮ ቤት ሲሄድ ተራ ይለቀቅለታል። የማንም ከብት ገብሱን አይረግጥም። ገበያ ሲወጣ ዋጋ ሳይጠይቅ ይቀንሱለታል። ሲያስነጥስ "ይማርዎ" የሚለው ሰው ሁሉ ከልቡ ነው። አንዲት ሴት በጓሮ በኩል መጥታ የጎረቤቷን አውራ ዶሮ እንዲረግምላት ለመነችው፤ ጩኸቱ አላስተኛ ብሏታል። ሙላቴ ተቆጥቶ አባረራት። አውራ ዶሮውን ግን ሳምንት ሳይሞላው ሸለምጥማጥ በላው፤ የሙላቴም ስም ይብስ ገነነ።

የማይመቸው ነገር ቀስ ብሎ መጣ። ሠርግ ላይ ከፊት ያስቀምጡታል፣ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ያቀርቡለታል፤ "ይመርቁ" የሚለው ግን የለም። ምርቃቱን የሱን ሩብ የማይችል ሰው ቶሎ ብሎ ያደርሰውና ይቀመጣል። ሙላቴ ቁጭ ብሎ ሥጋውን ያኝካል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

ነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ ተናዘዘ። ቄሱም "በረገምክበት አፍ መርቅበት" ብለው ቀኖና ሰጡት። ቀላል ይመስላል። ግን አፉ ሥር ማን ይቁምለት? ስለዚህ በሬዎቹን መረቀ። አዲሱን ሞፈር መረቀ። አጥሩን መረቀ። አንድ ቀን ጓሮ ገብቶ ጎመኑን "ቅጠልሽ ይለምልም፣ ሥርሽ ይጽና" ሲል የልጁ ሚስት ዝናሽ ደረሰችበት። እሷ ደግሞ ያንን ጎመን ሳምንት ሙሉ አልቀጠፈችም።

ዝናሽ ጨዋ ናት፤ አማቷን ታከብራለች። ግን የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ፍርሃት ገባት፤ በእናት አይፈረድም። ሕፃኗ ክርስትና በተነሣች ዕለት ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ሙላቴ ስንት ቀን ሲያሰላስለው የከረመውን ምርቃት ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ዝናሽ ጎንበስ ብላ በጆሮው፣

"አባባ፣ ለዛሬ እንኳ ዝም ቢሉስ? ዝም አይነቅዝም" አለችው።

ዝም አለ። ሕፃኗ የጌጤን ግንባር ይዛ ነው የመጣችው። ያለ አያቷ ምርቃት ቁጭ ማለት ጀመረች፣ ያለ አያቷ ምርቃት መዳህ ያዘች። ሙላቴ ማታ ከበሬዎቹ ጋር ሲመለስ በሩቁ ያያታል፤ ዝናሽ ደግሞ እንደ ዘበት አድርጋ ወደ ጓዳ ታስገባታለች። ይህ ነገር ከአውሮፕላኑ ይልቅ አንገበገበው።

ኑሩ ሙኒራ የምትባል ልጅ አለችው። ደብረ ታቦር ተምራ፣ አዲስ አበባ ሄዳ፣ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል መሥራት የተካነች ናት። አባቷ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት እንዳስቸገረው ኖሯል። "ካርቱን ትሠራለች" ሲል ሰው ይስቅበታል፤ "የአውሮፕላን አደጋ ትመረምራለች" ሲል ሰው አያምነውም። ሁለቱም እውነት ነው። መርማሪዎች ከስብርባሪው፣ ከመሣሪያውና ከአብራሪው ያገኙትን ሁሉ ይሰጧታል፤ እሷ ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ማንም አይቶ በሚረዳው ሥዕል ታሳየዋለች። እንግዲህ የአባቷ ወዳጅ ጣለው የተባለው አውሮፕላንም ዞሮ ዞሮ እጇ ላይ ደረሰ።

አንድ ቅዳሜ ኑሩ ሙላቴን ገበያ መሐል ያዘው።

"ልጄ ያንተን አይሮፕላን ይዛልህ መጥታለች" አለው። "ቀበሌው አዳራሽ ለሰው ልታሳይ ነው። መርማሪው አብሯት አለ፤ አብራሪውም መጥቷል። ያየ ሁሉ ይምጣ ተብሏል።"

"ሊያስሩኝ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ? ብቻ ጫማህን አጥብቀህ ና።"

ሙላቴ እቤቱ ሊቀር አስቦ ነበር። ዝናሽ ግን ሕፃኗን አዝላ ስትወጣ አየ። ሥዕሉ "ሙላቴ ጣለው" ካለ ያቺን ልጅ ዕድሜ ልኩን አይመርቃትም። "አልጣለውም" ካለ ግን ማን ያውቃል። ጋቢውን ደረበና ተከተላት።

የአዳራሹን መስኮቶች በጆንያ ሸፍነው ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥረዋል። መርማሪው ተነሣ፤ ዳኛቸው እባላለሁ አለ።

"እኛ ዳኞች አይደለንም" ሲል ቀጠለ። "ጥፋተኛ ፍለጋም አልመጣንም። ሌላ አውሮፕላን በዚሁ ምክንያት እንዳይወድቅ ምክንያቱን ነው የምንፈልገው።"

"ስሙ ዳኛቸው፣ ዳኛ አይደለሁም ይላል!" አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ። ሙላቴ ግን አልሳቀም።

ሙኒራ ኮምፒውተሯን ነካ ስታደርግ አቡጀዲው ላይ ጉና ብቅ አለ። ሥሩ መንደሩ፣ መንገዱ፣ ማሳው፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ሰዉ አደጋውን ረስቶ ቤቱን መፈለግ ጀመረ። "ያቻት የኔ!" "ያ የማሩ ግቢ አይደለም?" አንዲት ሴት ደግሞ ተነሥታ፣ "አንቺ ልጅ፣ ቆርቆሮ ያለበስኩትን ቤት ለምን ሣር አደረግሽብኝ?" አለች። ሙኒራ ይቅርታ ጠይቃ እንደምታስተካክል ቃል እስክትገባ ድረስ ሴትዮዋ አልተቀመጠችም።

ትንሹ አውሮፕላን ከጉና ወዲህ እየበረረ መጣ። ሙኒራ አስቆመችውና አፍንጫውን ገልጣ ሞተሩን አሳየች።

"ሞተሩ ነዳጁን ከአየር ጋር የሚስብበት ጉሮሮ አለው" አለች። "ነዳጅ ሲተን ያቀዘቅዛል፤ እጃችሁን አረቄ ስትቀቡት እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው።"

"አንቺ አረቄን የት አውቀሽው ነው?" አለ ኑሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

"አባዬ፣ የእጅ አልኮል ማለቴ ነው!"

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ቀጠለች። "ያን ዕለት አየሩ እርጥብ ነበር። እርጥበቱ እዚህ ጉሮሮው ላይ በረዶ ሠራ። ይኸው፣ እየወፈረ ሲሄድ ተመልከቱ። ሞተሩ ታነቀ።" ሥዕሉ ላይ ጉሮሮው ነጥቶ ነጥቶ ተደፈነ። "ሙቅ አየር የሚያስገባ እጀታ አለ። አብራሪው ስቦታል፤ ግን ዘግይቷል።"

ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ከዘራ የያዘ ወጣት አንገቱን ደፋ። ሙላቴ አየው። አብራሪው ታምራት እሱ ነው።

"የጉና ብርድ ነው በሉኛ!" አለ አንድ ሽማግሌ። "ጉናን ማን ይከሰዋል?"

ሙኒራ አውሮፕላኑን እንደገና ለቀቀችው። አሁን ድምፅ የለውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ በላይ ጀምሮ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ወደ ሙላቴ ማሳ ይመጣል። ሙላቴ ሳያስበው ቆመ።

"ልጄ ሙኒራ፣ እኔ ማሳ ሲደርስ ሞተሩ ይሠራ ነበር?"

"የለም ጋሽ ሙላቴ። ቀድሞ ጠፍቷል። ዝቅ ብሎ የመጣውም ለዚያ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። በሬዎቹ ጩኸቱን ለምደውት አልነበረም እንዴ? ያን ዕለት የበረገጉት ጩኸቱ ሳይኖር፣ እንደ ጆፌ አሞራ ሿ ብሎ ስለመጣባቸው ነው። እሱ አፉን ሳይከፍት አውሮፕላኑ ወድቆ ያለቀለት ነበር። ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሣለት መሰለው።

"እንግዲያስ የወፍጮ ቤት ተራችንን ይመልሱልና!" ብሎ አንዱ ጮኸ፤ አዳራሹ ተንጫጫ።

ሙላቴ ዞሮ ዝናሽን አያት። ዝናሽ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ሥዕሉ ታያለች እንጂ ወደሱ አላየችም። ተመልሶ ሥዕሉን ሲመለከት ማሳው ባዶ ነው። ሰውም በሬም የለበትም። አሁን ደግሞ ቅር አለው፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

"እኔስ የታለሁ?" አለ። "በሬዎቼስ?"

ሙኒራ ወደ ዳኛቸው አየች። ዳኛቸውም ተነሣ። "እዚህ የመጣነው ለሱ ነው" አለ። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ያለውን በጣቱ አሳየ። "ከፊቱ ያለው ገደል ነው፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከላይ ሲታይ ግን ሜዳ ይመስላል፤ አብራሪውም ወደዚያው ነበር የሚሄደው። እዚህ ማሳ ላይ ሲደርስ ድንገት ወደ ግራ ዞረ። ለምን? አንድ ገበሬ አሳይቶኛል ይላል። ያንን ገበሬ ማግኘት እንፈልጋለን።"

የሰዉ ሁሉ አንገት ወደ ሙላቴ ዞረ። ታምራት በከዘራው ተደግፎ ተነሣና አንገቶቹ ወደዞሩበት ሄደ።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ጅራፍ የያዙት?" አለ። "ድምፅዎን አልሰማሁም፤ ወደ ኋላ ዘወር ስል ግን አፍዎን አየሁት። 'ወዲያ፣ ወዲያ' እያሉ ባዶውን ማሳ ያሳዩኛል። ባያሳዩኝ ኖሮ ገደል ገብቼ ነበር።"

ሙላቴ አፉን ከፈተ። "አዎ ልጄ" ማለት ብቻ ነው የቀረው። ምን ይጎድላል? ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለስምም ይጥማል። በአንዲት አፍታ ውስጥ ራሱን ሰው አዳኝ ሆኖ፣ ሠርግ ላይ ተነሥቶ ሲመርቅ አየው። ኑሩ ከአጠገቡ ሳል አለ፤ ሳሉ የጉንፋን አልነበረም። ሙላቴ ቀና ሲል ዝናሽ አሁን ወደሱ ታያለች።

"አይ ልጄ" አለ። "አልዋሽህም፤ ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቶኛል። ወዲያ በል ያልኩህ ሳሳይህ አይደለም፤ ሳባርርህ ነው። እንደ ሞፈሬ ክንፍህ ይሰበር ብዬ ረገምኩህ። አሁን ሳየው አንተ እየወደቅህ ነው የመጣኸው። እኔ በሚወድቅ ሰው ላይ ነው የጮህኩት።" አገር የፈራው አፍ ከዚህ በላይ መናገር አልቻለም።

ታምራት ጠጋ ብሎ፣ "ክንፍህ ነው ያሉት?" አለ።

"ክንፍህ ነው።"

"አንገትህ አላሉም?"

"ኧረ ምን በወጣኝ! አላልኩም።"

"እንኳንም አላሉ!" ታምራት መሳቅ ጀመረ። "ክንፉ ተሰበረ፣ አንገቴ ግን ይኸው። ርግማን እንዲህ ከሆነ ምርቃትዎ እንዴት ሊሆን ነው?"

"እግርህሳ?" አለ ሙላቴ፤ ምላስ አጥንት ይሰብራል ያለችው የጌጤ ነገር ትዝ ብሎት።

"እግሬን የሰበርኩት ካረፍኩ በኋላ ነው" አለ ታምራት ትንሽ አፈር ብሎ። "ደንግጬ ስዘል ተሰበረ። እሱን ሥዕል ላይ አታስገቡብኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኑሩ እንባውን እየጠረገ፣ "አባ ጣለው የሚለው ስም ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል" ሲል አወጀ። "አባ አሳረፈው ነው!" ሰዉ አጨበጨበ፤ ወፍጮ ቤት ተራው እንዲመለስ የጠየቀው ሰውም ጭምር አጨበጨበ።

ዳኛቸው ለሙኒራ "እንግዲህ ጨምሪያቸው" አላት። ሙኒራ ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች። ብዙም ሳትቆይ ማሳው መሐል አንድ ትንሽ ሰውዬ ጅራፉን ወደ ግራ ዘርግቶ ቆመ። ከጎኑ ሁለት በሬዎች አሉ፤ ሞፈሩም አልተሰበረም።

"ጋሽ ሙላቴ፣ አፍዎን ክፍት ላድርገው ዝግ?" ብላ ጠየቀችው።

ሙላቴ ትንሹን ሰውዬ ትክ ብሎ አየው። "ዝጊው ልጄ" አለ። "ጅራፉ ይበቃዋል።"

ዝናሽ ከወንበሮቹ መሐል እየተጋፋች መጥታ ፊቱ ቆመች። ሕፃኗን ከእቅፏ አውጥታ ዘረጋችለት።

"እዚያስ ይዘጋ አባባ" አለች። "እዚህ ግን ይክፈቱትና ልጄን ይመርቁልኝ።"

ሙላቴ ሕፃኗን ተቀበላት። ለክርስትናዋ ያሰላሰለው፣ በበሬዎቹና በጎመኑ ላይ ሲለማመደው የኖረው ያ ሁሉ ምርቃት እልም ብሎ ጠፋበት። ሕፃኗ የታችኛውን ከንፈሩን በትንሽ እጇ ያዘችው።

"እደጊ" አለ።

ሰዉ ምርቃቱ ገና መጀመሩ መስሎት ለረጅሙ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ሌላ ቃል ግን አልተከተለም። ሙላቴ ጉንጩ እየራሰ ልጅቷን ብቻ ያያል። "አሜን" አለች ዝናሽ።